የሐሙስ ከሰዓት መጋረጃዎች

ትእምቲ ጨርቁን ለሦስተኛ ጊዜ አጠፈችው። ግማሹን በግማሹ ላይ፣ እንደገና ግማሹን፤ ቢቻል ጭራሽ የማይታይ እስኪሆን ድረስ። ስምንት ወፍራም አረንጓዴ መጋረጃ ግን የቱንም ያህል ቢታጠፍ ከቁርጥራጭ ጆንያው ሥር አልገባ አለ።

ናይሮቢ፣ ኪሌሌሽዋ ሰፈር ላለ አፓርታማ የታዘዘ ነበር። ከመስኮቱ አናት እስከ ወለል ያለውን ለክታ፣ ለጠርዝ የሚታጠፈውን አንድ ስንዝር ሳትጨምር ቆርጣዋለች። ሠላሳ ዓመት መቀስ የያዘ እጅ እንዲህ ይሳሳታል ብሎ ማን ያምናል? የዚያ ጨርቅ ጥቅል ደግሞ አልቋል።

ኢስትሊ ሰፈር ያለው ይህ ስፌት ቤት አንድ ልማድ አለው። ጨርቅ ያበላሸ ሠራተኛ ስሙ በወረቀት ይጻፍና ከተበላሸው ጨርቅ ጋር በሩ አጠገብ ካለው ምስማር ላይ ሳምንት ሙሉ ይሰቀላል። ስሙ በዓመት ሦስት ጊዜ የተሰቀለ ይሰናበታል። ምስማሩን የመቱት ባለቤቱ ሀጂ ሀቢብ ናቸው። የትእምቲ ስም በዚህ ዓመት ሁለት ጊዜ ተሰቅሏል። በሃምሳ ሰባት ዓመቷ የሌላ ስፌት ቤት በር አንኳኩታ "ቆራጭ ነኝ" ማለት አይሆንላትም።

ቀና ስትል ሙርሺዳ በሩ ላይ ቆማለች። ሙርሺዳ የሀጂ ሀቢብ የወንድም ልጅ ናት፤ ናይሮቢ ተወልዳ ያደገች፣ ኮሌጅ ሳይኮሎጂ ተምራ ከሁለት ወር በፊት የሠራተኞች ኃላፊ የሆነች። አጎቷ ሲያሾፉባት "ሳይኮሎጂሽ መጋረጃ ያስረዝማል?" ይሏታል።

ልጅቷ ጨርቁን አየች፤ ምንም አላለችም። በርጩማ ሳብ አድርጋ ከትእምቲ ዝቅ ብላ ተቀመጠችና የምስማሩን ደብተር ገለጠች። የተሰቀለው ሁሉ ቀንና ሰዓቱ እዚያ ይጻፋል።

"እትዬ፣ የእርስዎ ሁለቱም ሐሙስ ከሰዓት ነው። ዛሬስ ምንድን ነው?"

"ሐሙስ።"

"ሐሙስ ከሰዓት ማን ነው የሚመጣው?"

ትእምቲ መቀሱን ጠረጴዛው ላይ አኖረች። ሐሙስ ሐሙስ ሀጂ ሀቢብ የመሃል ከተማ ጉዳያቸውን ጨርሰው ይመጡና፣ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ልክ ከትከሻዋ ጀርባ ይቆማሉ። አይናገሩም። ይቆማሉ ብቻ። ዛሬም ቆመው ቆይተው ከስፌት ቤቱ ፊት ወዳለው መሸጫ ሱቅ ሄደዋል። ከአስመራ መጥታ አዲስ አበባ ልብስ ፋብሪካ በተቀጠረች ጊዜም እንዲህ የሚቆም ተቆጣጣሪ ነበር፤ እሱ ዞር ካለ በኋላ የአንድ ሰው ስም ከሠራተኞች ዝርዝር ይሠረዝ ነበር።

"ሰው ከጀርባዬ ሲቆም ቁጥሩ ይጠፋብኛል፣ ልጄ" አለች በመጨረሻ። "ሜትሩን አየዋለሁ፤ አላነበውም።"

ይህን ለሰው ስትናገር የመጀመሪያዋ ነበር።

ሙርሺዳ አልገሠጸቻትም። ትእምቲ ራሷ ለሀጂ ሀቢብ ብትነግራቸው እንደሚሻል፣ እሷም አብራት እንደምትቆም ነገረቻት። "ከጎንዎ ነው የምቆመው፤ ከኋላዎ አልቆምም" ስትላት ትእምቲ ሳታስበው ሳቀች።

ሀጂ ሀቢብ ከሱቁ ተጠርተው መጡ። ትእምቲ ስምንቱንም ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችና ዓይኗን ከጨርቁ ሳታነሳ ሁሉንም ተናገረች፤ የፋብሪካውንም ጭምር። ሽማግሌው ጢማቸውን እየደባበሱ ሰሟት።

"ልቆጣጠርዎ የምቆም መስሎዎት ነው?" አሏት ቀስ ብለው።

"ታዲያ ለምንድን ነው፣ ሀጂ?"

እሳቸውም ነገሯት፤ እናታቸው ሞያሌ ልብስ ሰፊ ነበሩ። ልጅ ሳሉ ከእናታቸው ትከሻ ጀርባ ቆመው መቀሱ ጨርቁን ሲበላ ማየት ይወዱ ነበር። እንደ እናታቸው የሚቆርጥ እጅ ያዩት የትእምቲን ብቻ ነው፤ የሳምንቱ ድካም የሚለቃቸው ሐሙስ እዚያ ሲቆሙ ነው። ይህን ግን እዚህ በሠራችበት አሥራ አንድ ዓመት ውስጥ አንድ ቀን እንኳ አልነገሯትም።

ሀጂ ሀቢብ ከደብተሩ ወረቀት ቀደዱ፣ ብዕር አወጡ፣ በትልልቁ "ሀቢብ" ብለው ጻፉ። ከአንድ አረንጓዴ ቁራጭ ጋር በመርፌ አያያዙና ምስማሩ ላይ ሰቀሉት።

"አንድ" አሉ ወደ ሙርሺዳ ዞረው። "ሁለት ይቀረኛል።"

"ደብተሩ ላይም ልመዝግበው፣ አጎቴ?"

"መዝግቢው። የሚሰቀለው የመጨረሻው ስም እሱ ይሁን።"

ሙርሺዳ መጋረጃውን ላዘዘችው ደንበኛ ደውላ ይቅርታ ጠየቀች፤ ከግርጌው በሌላ ቀለም ጨርቅ እንዲቀጠል ሴትየዋ ተስማማች። ከዚያ ሙርሺዳ ወንበር አምጥታ ከመቁረጫው ጠረጴዛ ፊት ለፊት አስቀመጠች። ሀጂ ሀቢብ ሻያቸውን ይዘው ተቀመጡ።

ትእምቲ ጠቆር ያለ አረንጓዴ ጥቅል አወረደች። ቀና ስትል ፊታቸውን ታያለች፤ እንደ ልጅ አፋቸውን ከፈት አድርገው መቀሱን ይከተላሉ። ሜትሩ ላይ ያሉት ቁጥሮች ሁሉ በቦታቸው ነበሩ። ለጠርዝ የሚታጠፈውን ጨመረችና ቆረጠች።

"ሳይኮሎጂው መጋረጃ አስረዘመ" አሉ ሽማግሌው ለራሳቸው።

ሙርሺዳ ወደ ሱቁ ልትመለስ ስትል ትእምቲ እጇን ያዘቻት። ብዙ ልትላት ፈልጋ ነበር፤ በርጩማው ላይ ዝቅ ብላ መቀመጧን፣ ጨርቁን አይታ ዝም ማለቷን።

"እግዚአብሔር ይስጥሽ፣ ልጄ" ብቻ አለቻት።

ከዚያ የስፌት መኪናዋ ፊት ተቀመጠች። ፀሐይ ከመስኮቱ ዘወር ስትል ስምንተኛው መጋረጃ ተሰፍቶ አለቀ። ክሩን በጥርሷ በጠሰች፣ መጋረጃውን አንዴ ብቻ፣ በሰፊው አጠፈችው፣ መደርደሪያው ላይ ከሰባቱ በላይ አኖረችው።