የበዛበት ቁጥቋጦ

እናቷን በቀበረች ማግስት ጥቁር ቀሚሷን ሰብስባ፣ ባልዲ አንጠልጥላ፣ ቅጠል የሌለው እንጨት ስታጠጣ የምትውል ሴት ብታዩ እናንተ ምን ትሉ ነበር? መልስ አታሳምሩ። እዚያ ግቢ ውስጥ ወንበር ይዘው የተቀመጡት ያሉትን ነው የምትሉት፤ ወይ ጭንቅላቷ ተነክቷል፣ ወይ ጸጸት ነው።

ጸጸት ነው የሚሉት በዙ።

ሴትዮዋ ጸጉሯ መሸበት ጀምሯል፤ ለቤተሰቡ ግን አሁንም «ትንሿ» ናት። ውሃውን ከቁጥቋጦው ዙሪያ ቀስ አድርጋ አፈሰሰች፣ አፈሩ እስኪመጠው ቆማ ጠበቀች፣ ወደ ቧንቧው ተመለሰች። ለቀስተኛ ሲገባ ባልዲውን ታስቀምጣለች፣ ታቅፋለች፣ ታለቅሳለች። ለቀስተኛው ወንበር ሲይዝ ባልዲዋን ታነሣለች።

አክስቷ የሻይ ትሪውን ለሌላ ሰው አስይዛ መጣች። የሟች ታናሽ እህት ናት፤ ስትቆጣ ድምፅዋ ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም።

«አንቺ ልጅ፣ ተይ። ሰው ያያል።»

«ይይ።»

«እህቴን ትናንት አፈር አልብሰን መጥተን አንቺ እዚህ ውሃ ትንቦጫረቂያለሽ?»

«አክስቴ፣ አሁን ካልታጠበ በኋላ ዋጋ የለውም። ብርዱ ሊወጣ ነው፣ እንቡጡ ሊነሣ ነው።»

«የምን እንቡጥ? ደርቋል እኮ። ደግሞስ ልብስ ነው የሚታጠበው?»

ትንሿ ባልዲዋን አነሣች። አክስቷ ቀሚሷን ከጭቃው አርቃ ወደ ትሪዋ ተመለሰች።

ነገሩን የጀመረው ወንድሟ ነው። በሌላ ከተማ የመኪና መለዋወጫ ይሸጣል፤ ለቀብሩ መጥቶ ገና ከመኪናው ሳይወርድ ዓይኑ ያረፈው ቁጥቋጦው ላይ ነበር። በብርድ ወራት ቅጠሉን ማራገፉ የቆየ ጠባዩ ነው። ባለፈው ሙቀት ግን አላበበም። ቅጠሉ ዳር ዳሩ እንደተጠበሰ ቡናማ ሆነ፣ ከወቅቱ ቀድሞም ረገፈ። ወንድምየው ራሱን ነቀነቀና አጠገቡ ለነበሩት፦

«እማዬ አልጋ ከያዘች ወዲህ ያቺን ተክል እንኳ ዞር ብሎ የሚያያት ጠፋ» አለ።

ይህችን ብቻ ነው ያለው። ቃሉ ከወንበር ወደ ወንበር ሲሻገር ግን ሥጋ ለበሰ፤ የግቢው በር ጋ የተቀመጡት ዘንድ ሲደርስ «ተክሏን ያላኖረች እናቷን እንዴት አኑራት ይሆን?» ሆኖ ነበር። ወንድምየው ሰማ፤ አላረመም። ይልቁንም ሐዘኑ በሚያበቃበት ቀን ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት የደረቀውን ነቅሎ ለእናቱ መታሰቢያ ዓመቱን ሙሉ የሚለመልም ተክል እንደሚተክል ተናገረ። ሰዉ መረቀው።

እንግዲህ ትንሿ የያዘችው ሥራ ይህ ነው፤ ሐዘኑ ሳያልቅ ቁጥቋጦውንም ስሟንም ማዳን።

*

እናታቸው የሆስፒታል ዋና ነርስ ነበረች። ተረኛ ሲቀያየር በክፍሉ በር ላይ ትቆምና የሚወጣውን ታስቆማለች። «ለዚህኛው ማን ሰጠ? መቼ? ምን ያህል?» መልሱን ሳትሰማ አንዲት ኪኒን ከመደርደሪያ አትወርድም። አንድ ሐኪም «እርስዎ ሳይፈቅዱ እኮ በሽተኛው ማስነጠስም አይችልም» ብሎ ቀልዶባት ነበር። እሷ አልሳቀችም። «ሁለት አስታማሚ ካልተነጋገረ በሽተኛውን የሚገድለው መድኃኒቱ ነው» አለችው።

ቁጥቋጦውንም የያዘችው እንደዚያው ነው። ማዳበሪያ የምትሰጠው በዓመት አንዴ፣ እንቡጡ ማበጥ ሲጀምር ነበር። እፍኝ ትዘግናለች፤ ወደ ግንዱ አታስጠጋም፤ የቅርንጫፎቹ ጫፍ በሚደርስበት ክብ ልክ ትበትነዋለች፣ በጣቶቿ ከአፈሩ ጋር ታዋህደዋለች፣ ታጠጣዋለች። ከዚያ በኋላ ማንም እንዲነካው አትፈቅድም። ሲሞቅ ነጭ አበባው ቅርንጫፉን እስኪያጎብጠው ድረስ ያብባል፤ መንገደኛው አጥሩን ተደግፎ ያያል። እሷም በመስኮት መንገደኛውን ታያለች።

*

ቅጠሉ የተጠበሰው ማዳበሪያ በዝቶበት እንደሆነ የጠረጠረችው ትንሿ፣ ውሃው ወደ ውስጥ አልሰርግ ሲላት ተንበርክካ አፈሩን በጣቷ ፈለፈለችው። ላዩ ላይ አመዳይ የመሰለ ነጭ ቅርፊት ጋግሯል። ቅርፊቱን ስትገፈው ከሥሩ ያልሟሙ ነጭ የማዳበሪያ ፍሬዎች ወጡ፤ በእፍኝ የሚዘገን አይደለም፣ በሳፋ ነው። ትንሽ ዝቅ ስትል ደግሞ የተጋገረ ጥቁር ነገር አገኘች፤ ላባ አለበት። አሸተተችው።

«አክስቴ፣ እስኪ ነይ። ይሄ የማን ዶሮ ላባ ነው?»

አክስቷ ላባውን አየች፣ ትንሿን አየች፣ ከዚያ የአበባ መደቡ ድንጋይ ላይ ቁጭ አለች።

«ለመነችኛ! ምን ላድርግ? ‹እህቴ፣ ዘንድሮ ማዳበሪያ የሰጠው የለም፣ ትንሿ ረስታዋለች። ኩስ አምጪልኝ፣ ለእሷ ግን እንዳትነግሪ፣ ትቆጣለች› አለችኝ። አመጣሁ።»

«አንዴ?»

«አንዴማ ቢሆን። በመጣሁ ቁጥር ነዋ። በጆንያ።»

«ትኩሱን?»

«እና ቀቅዬ ላምጣው?»

አጥር ለአጥር የሚጎራበታቸው ልብስ ሰፊ ሻዩን ይዞ ይሰማ ኖሮ ወንበሩን አስጠጋ።

«እኔም አለሁበት እንግዲህ» አለ። «በመስኮት ትጠራኛለች። ‹አንተ ጎበዝ፣ ለትንሿ እንዳትነግር› ብላ በጠርሙስ ያለውን ፈሳሹን ታስገዛኛለች። አፈስሳለሁ፣ ትመርቀኛለች። በማግስቱ እንደ አዲስ ትጠራኛለች። ትናንት ሰጠሁት እኮ ብላት ያንን ዓይኗን ትጥልብኛለች። እኔ ደግሞ መርፌ እየወጋችኝ ያደግሁ ሰው ነኝ፣ እሷን እምቢ የምልበት አፍ የለኝም።»

«ሁላችሁም እያበላችሁት ነበር ማለት ነው» አለች ትንሿ። «አልተራበም። ሥሩ ተቃጥሎ ነው።»

«እኔኮ ደስ እንዲላት ብዬ ነው» አለች አክስቷ፤ መሀረቧን ለመጀመሪያ ጊዜ የእውነት አወጣች። ከዚያ ተነሥታ ሁለተኛውን ባልዲ ይዛ ወደ ቧንቧው ሄደች። ወንበር ላይ ያሉት አዩአት። ይዩ።

ነጩ ፍሬ ቀረ። የማን እንደሆነ ትንሿ መጠየቅ አላስፈለጋትም። ወንድሟ ሊጠይቅ በመጣ ቁጥር የመኪናው ኋላ ይከፈት ነበር፤ እሷን መድኃኒት ቤት ይልካትና ስትመለስ እጁን ሲታጠብ ታገኘዋለች።

*

ነገሩ ሲጀምር ትንሿ ብቻዋን ነበረች። እናቷ ከመስኮቱ አጠገብ ትቀመጥና «ማዳበሪያ ተሰጠው?» ትላለች። «ተሰጥቶታል እማዬ፣ አንቺ ራስሽ ነሽ የሰጠሽው።» እናቷ ረክታ ወደ ሻይዋ ትመለሳለች። ሻይዋን ሳትጨርስ ደግሞ «ማዳበሪያ ተሰጠው?» ትላለች። አንድ ቀን መልሱን ሰምታ የልጇን ፊት ለረጅም ጊዜ አየችና «ደግሜ ጠየቅኩ እንዴ?» አለች። ትንሿ «አልጠየቅሽም» ብላ ዋሸች። ዕድሜዋን ሙሉ ማን ሰጠ፣ መቼ ሰጠ ስትል የኖረች ሴት በገዛ እጇ የሰጠችውን እንዳልተሰጠ ደጋግማ ስትጠይቅ ማየት ቀላል አልነበረም።

ለወንድሟ ስልክ ደወለች።

«እማዬ ናት የምትረሳው?» አለ። «አብረዋት የሠሩትን ሁሉ ከነልጆቻቸው በስም የምትጠራ ሴት? ደክሞሽ ነው። ይሄን ወሬ ለሰው እንዳታወሪ፣ ታዋርጃታለሽ።»

ዝም አለች። ዝምታዋ ነው እንግዲህ አሁን «እናቷን አላኖረችም» የተባለው።

*

የመጨረሻው ቀን ግቢው ሞላ። የእናቲቱ የሥራ ባልደረቦች ሳይቀሩ መጥተዋል። ወንድምየው ጥቁር ኮቱን እንደለበሰ ዶማ ይዞ ቁጥቋጦው ፊት ቆመና ንግግር ጀመረ። እናቱ ምን ያህል ጠንቃቃ እንደነበረች፣ ይህች ተክል ደግሞ ተንከባካቢ አጥታ…

«ወንድም ጋሼ፣ እዚያ ላይ ቁም» አለች ትንሿ።

ከወንበሮቹ መሀል አልፋ መጣች። እጇ እስከ ክርኗ ጭቃ ነው። አንዷን ቅርንጫፍ ጎንበስ አድርጋ ልጡን በጥፍሯ ፋቀችውና ለፊተኞቹ አሳየች። ከሥሩ አረንጓዴ ነበር፤ እርጥብ አረንጓዴ።

«አልሞተም እንዴ?» አለ አንድ ሽማግሌ።

«የሞተ ቅርንጫፍ አለው። የተረፈውን እያጠብነው ነው። አክስቴ አበልታዋለች፣ ሰፊው አበልቶታል። ሁለቱም ነግረውኛል። የቀረው አንድ ሰው ነው።»

ወንድምየው ዶማውን ወደ ጎን አደረገና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ቤት ገብተን እንነጋገር።»

«ስታማኝ ቤት ገብተህ አልነበረም።»

«ትንሿ፣ ሰው ፊት…»

«በመጣህ ቁጥር ስጠው አላለችህም? በየሳምንቱ እየደወለች አምጣልኝ አላለችህም?»

«ብላኛለች።»

«ለእኔ አይደለም። ጮክ በል።»

«ምን እንድል ነው የምትፈልጊው?» አለ። «እናቴ ጃጀች እንድል ነው? በእነዚህ ሁሉ ፊት? ያሠለጠነቻቸው ነርሶች እዚህ ተቀምጠው?»

«ታመመች እንድትል ነው። ታሞ የማያውቅ ሰው ያለ ይመስል ሸሸግናት፤ ሸሽገናት ደግሞ እያንዳንዳችን ለብቻችን ታዘዝናት። እኔስ እንዳኖርኳት አውቃለሁ፣ ለእኔ ብለህ አትናገር። እሷ ግን ማን እንደሰጠ ሳትሰማ ከክፍሉ ሰው አስወጥታ አታውቅም።»

ከኋላ ከተቀመጡት አሮጊት ነርሶች አንዷ «እውነት ነው» አለች፤ ሌላ አልጨመረችም። ሻይ የሚያዞረው ሁሉ ቆመ። ወንድምየው ዶማውን አጥሩ ላይ አስደገፈው። ዓይኑ ቅርንጫፉ ላይ፣ የተፋቀችው አረንጓዴ ላይ ነበር። የኮቱ ኮሌታ አንገቱ ላይ ወደ ውስጥ ታጥፎ ነበር።

ትንሿ ተጠጋችው። ሰው ፊት ሊናገር የሚወጣ ልጅን እንደሚያሰናዱት ኮሌታውን በጭቃ ጣቶቿ አውጥታ አቃናችለት፣ ትከሻው ላይ የተጣበቀውን ክር ለቀም አደረገችለት። ጭቃው ጥቁሩ ኮት ላይ ታተመ፤ ልትጠርገው አልሞከረችም።

«በል አሁን ወደ ሰዉ ዙር» አለችው። «ነጩን ማን ሰጠው? መቼ? ምን ያህል? በር ጋ ያሉትም እንዲሰሙህ አድርገህ መልስ።»