ያልበቀለው ክራንቻ

በሰማንያ ዓመተ ምህረት በልጉ ቀረ። ክረምቱ ዘግይቶ ገባ፤ ከገባ በኋላ ደግሞ አላባራ አለ። እንሰቱ ከሥሩ በሰበሰ። ምንጩ ደፈረሰ። መጀመሪያ ከብት ሞተ፤ ቀጥሎ ሕፃን። በሽታው ተቅማጥ ነበር። በሐምሌ ከመንደሩ አራት ሕፃን ተቀበረ፤ በነሐሴ ሦስት። አፈሩ ስለሚናድ መቃብሩን በእንጨት እየደገፉ ነበር የሚቆፍሩት። ለለቅሶ የሚቀርብ ንፍሮ እንኳ ጠፋ። ሰው አልቅሶ ባዶ ሆዱን ወደ ቤቱ ይገባ ነበር።

ምሥራቅ የተወለደችው በዚያ ዓመት ነው። በስምንት ወሯ ተቅማጡ ያዛት፤ ተረፈች። እንዴት እንደተረፈች የሚያውቅ ሰው ዛሬ አንድ ብቻ ቀርቷል። እሱም ታላቅ ወንድሟ ደበበ ነው።

ሁለቱም ጁባ ከገቡ አሥራ አንድ ዓመት ሆኗቸዋል። ደበበ ከነጭ ዓባይ ድልድይ ማዶ፣ ጉምቦ በሚባል ሰፈር ይኖራል፤ ጄኔሬተር ይጠግናል። ምሥራቅ አትላባራ ሰፈር አንድ ክፍል ተከራይታ ከልጇ ከሲና ጋር ትኖራለች፤ በአንድ የእንግዳ ማረፊያ ውስጥ እንግዳ ተቀባይ ናት። የሲና አባት ካምፓላ ደርሼ ልምጣ ብሎ እንደ ወጣ ቀርቷል።

ምሥራቅ መልከ መልካም ናት፤ አፏን እስክትከፍት ድረስ። የላይኛው ጥርሷ በግራ በኩል አንዱ ባንዱ ላይ ወጥቷል። ክራንቻ ሊበቅልበት የሚገባው ቦታ በሁለቱም ወገን ባዶ ነው። ስትስቅ አፏን በመዳፏ ትከድናለች። በቤተ ክርስቲያን ከመዘምራኑ ድምፅዋን የሚያህል የለም፤ የምትቆመው ግን በኋላ ረድፍ፣ ከረጅሙ ከኢዩኤል ጀርባ ነው።

ምን ሆነሽ ነው ለሚላት መልስ አላት። “በልጅነቴ ጣቴን እየጠባሁ ያበላሸሁት ነው” ትላለች።

ይህን መልስ የሰጣት ደበበ ነው። እናታቸው ካረፈች በዓመቱ፣ ምሥራቅ አሥራ ሁለት ሲሞላት፣ ልጆች ሰድበዋት እያለቀሰች መጣች። “ጥርሴ ለምን እንዲህ ሆነ?” አለችው። እሱም ጣትሽን እየጠባሽ ነው አላት። ልጅቱ አመነች። ከዚያ ወዲያ ያለቀሰችው በራሷ ላይ ነው።

እውነቱ ሌላ ነበር። ያን ነሐሴ እናታቸው የግማሽ ቀን መንገድ ተጉዛ ከክሊኒክ መድኃኒት ልታመጣ ሄደች። ስትወጣ ለደበበ፣ “እስክመለስ ማንም እንዳይነካት” አለችው። ያኔ አሥራ ሰባት ዓመቱ ነበር። እኩለ ቀን ላይ ሕፃኗ ዓይኗን ገለበጠች። ጎረቤቶች ገብተው፣ ይህ ግግ ነው፤ ካልወጣላት ለማታ አትደርስም አሉ። ግግ የሚሉት ገና ድድ ውስጥ ያለውን የክራንቻ ፍሬ ነው። ነጭ ሆኖ ስለሚታይ ትል ነው ይሉታል። ደበበ ሮጦ ግግ አውጪውን ጠራ። ሰውዬው ወስፌውን በእሳት ለብልቦ መጣ። የሕፃኗን ራስ በጉልበቱ መካከል አጥብቆ የያዘው ደበበ ነው። እናቱ መድኃኒቱን ይዛ ስትመለስ ደሙን አየች። አልመታችውም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ሕፃኗን ጥላለት ከቤት ወጥታ አታውቅም።

ባለፈው ጥቅምት፣ አንድ እሑድ፣ ደበበ ከጸሎት በኋላ ምሥራቅ ቤት ምሳ ገባ። ዮፍታሄ የሚባል ወጣት ቀድሞት ተቀምጧል። ኮንዮ ኮንዮ ገበያ ውስጥ ስልክና የስልክ ዕቃ የሚሸጥ ልጅ ነው። ምሥራቅን አፏን አስከፍቶ በስልኩ ፎቶ ያነሳታል።

“ምንድን ነው ይሄ?” አለ ደበበ።

“ጥርሴን ላስተካክል ነው ጋሼ።”

“አንተ ልጅ፣ ትናንት የስልክ ሽፋን ስትሸጥ ነበር። ዛሬ የጥርስ ሽፋን ጀመርክ?”

“ሁለቱም ሽፋን ነው ጋሽ ደበበ፤ ሙያው አንድ ነው” አለ ዮፍታሄ እየሳቀ። ከኪሱም እንደ ብርጭቆ የጠራ፣ በጥርስ ቅርጽ የተሠራ ፕላስቲክ አውጥቶ አሳየው። “ይህን ታጠልቃለች፤ ለምግብ ታወልቃለች። በየሁለት ሳምንቱ ትቀይራለች። እየገፋ እየገፋ ያስተካክለዋል። ሰው አያይባትም።”

“ሐኪሙስ የታለ?”

“ውጭ አገር ነው። ፎቶውን አይቶ ይሠራዋል፤ በአውሮፕላን ይመጣል።”

“አፏን ሳያይ?”

“በስልክ አየው አልኩህ እኮ!”

ምሥራቅ ጣልቃ ገባች። “ከተማ ያለው ኡጋንዳዊ ዶክተር ጋ ሄጄ ነበር። ሽቦ ነው የሚለኝ። ሁለት ዓመት። መጀመሪያ ደግሞ ራጅ ተነሺ አለ። በዚህ ዕድሜዬ አፌን እንደ ጉምቦ አጥር በሽቦ አሳጥሬ እንግዳ ልቀበል? ክፍል አለ ወይ የሚለኝ ሰው አፌን አይቶ የተከለከለ ግቢ ይመስለዋል!”

ዮፍታሄ ሳቀ። እሷም ሳቀች፤ መዳፏም ወደ አፏ ሄደ። አልጋ ላይ ተቀምጣ የነበረችው ሲናም ሳቀች። እሷም አፏን በመዳፏ ከደነች።

“አየህ?” አለች ምሥራቅ፣ ሳቋን አቁማ። “ጥርሷ እንደ ወተት ነው። ምን ጎድሎባት ነው የምትከድነው? ከኔ አይታ ነው። ለዚህ ብዬ ነው ጋሼ።”



ዮፍታሄ ቅጹን ከስልኩ እያነበበ ይጠይቅ ጀመር። “በልጅነት የተነቀለ ወይም የተጎዳ ጥርስ አለ?”

“የለም።”

“ጣት መጥባት?”

“እሱማ አለ። በትልቁ ጻፈው።”

ደበበ ጉሮሮውን ጠረገ። ሁለቱም ዞሩ።

“ምን አልክ ጋሼ?”

“ምንም። ሙቀቱ ነው።”

ምሳውን ሳይጨርስ ተነሣ። በቦዳ ሞተር ብስክሌት ድልድዩን ሲሻገር ያ ቅጽ ከፊቱ አልጠፋም። ፎቶ የሚያሳየው ከድድ በላይ ያለውን ነው። ከድድ በታች ያለውን የሚያውቅ እሱ ነበር። ሦስት ቀን ሙሉ፣ ነገ እነግራታለሁ ሲል ከረመ።

በአራተኛው ቀን የአከራይዋ ጄኔሬተር አልነሣ ብሎ አትላባራ ተጠራ። ሥራውን ጨርሶ ወደ ምሥራቅ በር ሲጠጋ ሲና ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ታለቅሳለች። የቀኝ አውራ ጣቷ በጨርቅ ተጠቅልሎ በክር ታስሯል።

“ምን ነካሽ?”

“እሬት ነው አጎቴ። ይመራል። ዓይኔንም ነካኝ።”

ምሥራቅ ከውስጥ ወጣች። “ተዋት ጋሼ። ተኝታ ጣቷን ስትጠባ ያዝኳት። የኔ እንዲደርስባት አልፈልግም። እማዬ እንዲህ አስራብኝ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ሰው ፊት እስቅ ነበር።”

ደበበ ቁጢጥ ብሎ ክሩን ፈታ። ጨርቁን ጣለው።

“ምን እያደረግህ ነው?”

“ጣትሽን አልጠባሽም” አላት።

“ምን?”

“ጣት ጠብተሽ አታውቂም። ውሸት ነው። ሕፃን ሆነሽ ተቅማጥ ይዞሽ ግግ ወጥቶልሻል። ጥርስሽ የተበላሸው በዚያ ነው።”

ምሥራቅ በሩን ተደገፈች። “በወስፌ?”

“በወስፌ።”

“ማን ነው ያስወጣው?”

እዚህ ላይ ደበበ መናገር ነበረበት። አፉን ከፈተ። የእህቱ ዓይን ከላዩ አልተነሣም። “እማዬ ጨንቋት ነው” አለ። ቃሉ ከአፉ ከወጣ በኋላ ነው ምን እንዳለ የገባው፤ ሊመልሰውም አልሞከረም።

“እማዬ” አለች ምሥራቅ። “እኔን ለጎረቤት እንኳ የማትሰጠው እማዬ?”

“ክፉ ጊዜ ነበር።”

ሌላ አልጠየቀችም። ሲናን ወደ ውስጥ አስገብታ እጇን በሳሙና አጠበችላት። ዮፍታሄንም በስልክ ለጊዜው ተወው አለችው።

ምሥራቅ በነገር ሁሉ “እማዬ እንደምትለው” ማለት ልማዷ ነበር። ወጥ ሲያርም፣ ዝናብ ሲዘገይም፣ ሰው ሲከዳትም ትለዋለች። ከዚያ ቀን በኋላ ተወችው። ደበበ ሁለት ሳምንት ሙሉ ጠበቀ። አንድ ቀን እንኳ አላለችውም። ለሟች የሚሟገት የለም፤ ሊሟገት የሚችለው ሰው ደግሞ ከሳሹ ራሱ ነበር።

በሦስተኛው ሳምንት ምሥራቅ ዶክተሩ ዘንድ አብሮአት እንዲሄድ ጠራችው። ራጁን ተነሥታ ነበር። ዶክተሩ አጭር፣ እርጋታ ያለው ሰው ነው። ደበበ እንግሊዝኛ ስለማይሰማ በጁባ ዓረብኛ ነበር የሚነጋገሩት። ራጁን ብርሃን ላይ ሰቅሎ በብዕሩ ጫፍ አሳያቸው። በቀኝ በኩል ክራንቻው ጭራሽ የለም። በግራ በኩል ግን አለ፤ አጥንት ውስጥ በጎኑ ተጋድሟል።

“ሞቷል?” አለች ምሥራቅ።

“አልሞተም። መንገዱን ስቶ ነው። ድዱን ከፍቼ፣ በሽቦ ይዤ፣ ቀስ እያልኩ ልስበው እሞክራለሁ። ያ ያልሽኝ ፕላስቲክ ይህን አያወርድም፤ ጎረቤት ጥርሶቹን እየገፋ እላዩ ላይ ያጋጫቸው ነበር። በቀኙ በኩል በኋላ ሰው ሠራሽ እንተክላለን።”

“ይወርዳል ግን?”

“በዕድሜሽ እርግጠኛ ልሆን አልችልም። በአሥራ ሁለት፣ በአሥራ ሦስት ዓመትሽ አንድ ሰው አይቶት ቢሆን ኖሮ ቀላል ነበር።”

ደበበ ይህን ሲሰማ ወንበሩን በሁለት እጁ ያዘ። ወስፌው የአንድ ቀን ሥራ ነበር። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ መጥታ ለምን ስትለው የዋሸው ግን በጎልማሳ አእምሮው ነው።

“ይህ ነገር በእኛም አገር አለ” አለ ዶክተሩ ካርዱን እየጻፈ። “ሙኑ?” ሲል ጠየቀ፤ ማን አደረገው ማለቱ ነው።

“ማማ ታይ” አለች ምሥራቅ። እናቴ ናት።

“ላ” አለ ደበበ። አይደለም። “አና።” እኔ ነኝ።

ምሥራቅ ዞረች። ዶክተሩ ብዕሩን አቆመ።

“ንገረው” አለችው በአማርኛ። ድምፅዋ አልጨመረም። “እኔም ልስማ።”

የደበበ ዓረብኛ የገበያ ዓረብኛ ነው፤ ዋጋ ለመጠየቅ፣ ጄኔሬተር ምን እንደነካው ለማስረዳት የሚበቃ። ሰበብ የሚደረደርበት ቃል አልነበረውም። “እናት ሄደች” አለ። “መድኃኒት ልታመጣ። አትንካ አለች። እኔ ሰው ጠራሁ። እኔ ራሷን ያዝኩ። እዚህ፣ በጉልበት መካከል። ሕፃኗ ጮኸች፤ አልለቀቅሁም። እናት መጣች፣ ደም አየች። ልጅቱ አደገች፣ ጠየቀች። እኔ ዋሸሁ። አሁን ጠየቀች፤ እንደገና ዋሸሁ። እናት ላይ።”

ዶክተሩ ዓይኑን ወደ ካርዱ መለሰ።

“መድኃኒቱን ይዛ መጥታ ነበር?” አለች ምሥራቅ በአማርኛ።

“ይዛ ነው የመጣችው። በጥብጣ፣ በማንኪያ እያንጠባጠበች ስታጠጣሽ አደረች። አንድ ሌሊት አይደለም፤ ሦስት። የዳንሽው በዚያ ነው።”

ምሥራቅ ዓይኗ ሞላ። “ጥርሱን ተወው። ይሄን እንኳ ልትነግረኝ ይገባ ነበር። እኔ እኮ እሷን አንስቼ አልጸለይኩም፣ ስሟን አልጠራሁም። ሁለት ሳምንት ሙሉ።”

“አውቃለሁ።”

“እያየህ ነበር?”

“እያየሁ ነበር።”

ይቅርታ ሊላት አስቦ ነበር፤ ቃሉ ግን አነሰበት። እሷም አልጠየቀችውም። ፊቷን በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ ወደ ዶክተሩ ዞረች።

“ሽቦውን” አለችው።

“ሁለት ዓመት ነው። ላይሳካም ይችላል፤ ይህን እወቂ።”

“ይሁን። እማዬ እንደምትለው፣ የዘገየ ዝናብም ዝናብ ነው።”

ወንበሩ ላይ ወጥታ ተንጋለለች። ዶክተሩ መብራቱን አወረደ። ደበበ ውጭ ሊጠብቅ ተነሣ።

“ወዴት ነው?” አለችው ራሷን ሳታነሣ። “ተቀመጥ። እዚያው ሆነህ እይ።”

ተቀመጠ። ምሥራቅ አፏን ከፈተች፤ በሰፊው፣ ሁለት እጇን ሆዷ ላይ አጋድማ። ደበበ አየ። የነበረበትን የእውነት ዕዳ ሁሉ ተናግሮ ከፍሏል። እፎይ ግን አላለም።