ሸራውን ማን ያወርደዋል

በትሬቡል ወደብ ሸራ የሚሰፋው ጉልቬን አንድ የማይወደድለት ልማድ አለው። ባልና ሚስት ከኋላና ከጎን ለሚመጣ ነፋስ የሚሆን ስስ ሸራ ሊያዙ ሲመጡ፣ ስፋቱንም ዋጋውንም ከማንሳቱ በፊት ከእግር እስከ ራስ ያያቸውና "ከሁለታችሁ ጉልበቱ የሚያንሰው የትኛው ነው?" ይላል። በዚህ ጥያቄ ተቆጥቶ በሩን በኃይል ዘግቶ የወጣ ባል ቁጥር ስፍር የለውም። ጉልቬን ግን ጆሮ ዳባ ልበስ ነው። እሱ ሸራ የሚሸጠው ለደካማው እጅ ነው። ሸራውን ለሙከራ ያውስና ራሱም ጀልባዋ ላይ ወጥቶ፣ ጠንካራውን ሰው እጁን ኪሱ ከትቶ እንዲቀመጥ ያደርገዋል። ደካማው ብቻውን ሰቅሎ ብቻውን ካላወረደ ሽያጭ የለም። የወደቡ ሰው ያን ቀን "እጅ በኪስ" ይለዋል።

ሶአዚግና ኤርቬ በሰኔ መጀመሪያ ሲመጡ ጉልቬን ያንኑ ጠየቀ። ሶአዚግ ወደ ባሏ ጠቆመች፣ ኤርቬም ወደ ሚስቱ። ሁለቱም እውነት ነበራቸው። ኤርቬ ባለፈው ጥር ደረቱ ተከፍቶ ልቡ ተጠግኗል፤ ሐኪሙም "መሪ ያዝ፣ ወጥ ሥራ፣ ገመድ ግን እንዳትጎትት" ብሎታል። ሶአዚግ ደግሞ የስድሳ ሦስት ዓመት ሴት ናት፣ ቁመቷ ከባሏ ብብት አይዘልም። ሰላሳ ዓመት ሙሉ ከካምፔር ዱዋርኔኔ አውቶቡስ ስትነዳ ከመሪው በላይ የሚታየው ፀጉሯ ብቻ ስለነበር፣ የተማሪ ቤት ልጆች "ያለ ሹፌር የሚሄደው" ይሉት ነበር።

"እንግዲህ ደካማዋ አንቺ ነሽ ብዬ ልያዘው?" አለ ጉልቬን።

"እንደፈለግህ ያዘው። ብቻ ሸራውን አምጣ።"

ባልና ሚስቱ ብሬኒግ የምትባል አሥራ አንድ ሜትር ባለሸራ ጀልባ አለቻቸው። ጡረታ ስንወጣ ውቅያኖሱን አቋርጠን ማርቲኒክ እንሄዳለን ብለው ከተማማሉ ሰላሳ አንድ ዓመት ሆኗቸዋል። የመንገዱ ትልቁ ክፍል ነፋስ ከኋላ እየገፋ የሚሄዱት ሦስት ሳምንት ነው፤ ለዚያ እንደ ነጠላ የሳሳ ሰፊ ሸራ ያስፈልጋል። ኤርቬ ከሆስፒታል የወጣ ዕለት ታዲያ ወጥ ቤት ተቀምጦ እንዲህ አላት፦ "ውቅያኖሱ መሃል ሸራው ተሰቅሎ ሳለ እኔ ብወድቅ ማን ያወርደዋል? ብቻሽን ካወረድሽው እንሄዳለን። ካልቻልሽ ጀልባዋን ልግዛ ለሚለው ለሬን ከተማው ጥርስ ሐኪም እፈርምለታለሁ።" ጥርስ ሐኪሙ ብሬኒግን ሁለት ጊዜ አይቷታል፣ ወንበሯም ላይ ተንፈላስሷል። ሶአዚግ ይህ ሁለተኛው ነገር አንጀቷን አሳርሯት ነበር። እጇን ዘርግታ የባሏን እጅ መታች፣ ውሉ ታሰረ።

ሸራ መምረጡ ራሱ ጦርነት ሆነ። ኤርቬ መጀመሪያ ከጣሪያ ሥር ያወረደው በወጣትነቱ ሲወዳደርበት የነበረውን ቀይ ሸራ ነው። ሲነፋ ልክ እንደ ፊኛ ነው፤ ሦስት ዋንጫ አምጥቶለታል፣ ለአርባ ዓመትም በየዓመቱ አውጥቶ ያናፍሰዋል።

"ይሄ ሁለት ጎረምሳና አንድ ረጅም እንጨት ይፈልጋል" አለችው ሶአዚግ። "አንተ ጎረምሳ አይደለህም፣ እኔም አልነበርኩም።"

"እንደሱ የሚያምር ሸራ ታይቶ አይታወቅም።"

"ካማረ ግድግዳ ላይ ስቀለው።"

ቀጥሎ ጉልቬን በራሱ ዙሪያ የሚጠቀለለውን ሸራ አመጣ። ገመድ ሲስቡት እንደ ሰሌን ይጠቀለላል። ሰኞ ሞከሩት። ከታች ጥብቅ ብሎ ተጠቀለለ፣ ከላይ ግን ልል ሆኖ ቀረና ነፋሱ ገብቶበት መልሶ ተዘረገፈ። ሶአዚግ ሦስት ጊዜ ጠቅልላው ሦስት ጊዜ አፈረሰባት። ጉልቬን "እጅሽ ሲለምደው ይስተካከላል" ቢላት፣ "እኔ የምፈልገው እጄን የሚለምድ ሸራ ነው፤ ውሰድልኝ" አለችው።

በመጨረሻ ባለ እጅጌው መጣ። ይህኛው ረጅም የጨርቅ እጅጌ ውስጥ ነው የሚኖረው፤ እጅጌውን በገመድ ወደ ላይ ሲስቡት ሸራው ይዘረጋል፣ ወደ ታች ሲስቡት ይዋጣል። ኤርቬ መቶ አምስት ካሬ ሜትር ይሁን አለ። ሶአዚግ ሰባ አምስት አለች።

"ሁለት ቀን እኮ ዘግይተን እንገባለን!"

"ማርቲኒክ የት ትሄድብኛለች? ከመጠምጠም መማር ይቅደም ነው፤ እኔ ማውረዱን ልወቅ፣ መፍጠኑ ይቆየኝ።"

ጉልቬን ሰባ አምስቱን አነሳ፣ ኤርቬም ከዚያ በኋላ ዝም አለ። ሶአዚግ ዝምታውን አኩርፎ ነው ብላ ተወችው።

ባለ እጅጌው አንድ ሕግ አለው። ሸራው ነፋስ ሞልቶት ሳለ አይዋጥም፤ መጀመሪያ ነፋሱ መፍሰስ አለበት። የሸራውን ጥግ ይዞ እስከ ጀልባዋ ኋላ የሚመጣ ገመድ አለ፣ ባሕረኞቹ እንደ ፈረስ ልጓም ነው የሚያዩት። እሱ ሲለቀቅ ሸራው ባዶ ይሆናል። ጀልባ ላይ ያለ ገመድ ሁሉ እንዳያመልጥ ይቋጠራል፤ ልጓሙ ግን በምንም ምክንያት አይቋጠርም፣ ምክንያቱም በክፉ ሰዓት ተንሸራቶ መሄድ መቻል አለበት። ይህን ለሶአዚግ ያስተማራት ራሱ ኤርቬ ነው፣ በመጀመሪያው በጋቸው፣ ወለሉን በጡጫ እየደበደበ፦ "ልጓም የቋጠረ እጅ ይቆረጥ!"

ሐሙስ ጠዋት "እጅ በኪስ" ሆነ። ነፋሱ ከሰሜን ምሥራቅ፣ ከሜኔዞም ተራራ በኩል ይመጣ ነበር። ኤርቬ ቢጫ ካፖርቱን ለብሶ፣ እጁን ኪሱ ከትቶ ወደ ውስጥ በሚያስወርደው በር አጠገብ ተቀመጠ። ፊቱ ገርጥቷል። ጉልቬን ማዶ ለማዶ ተቀምጦ የቅቤ ኬኩን ከወረቀት ያወጣል። ሶአዚግ መሪውን ራሱን በራሱ እንዲነዳ አደረገችና ወደ ፊት ሄደች። ሸራውን ሰቀለች፣ እጅጌውን ሳበች። ሰማያዊው ጨርቅ ተዘረጋ፣ ብሬኒግም ወደ ባሕረ ሰላጤው አፍ ተፈተለከች። ሶአዚግ ደስ አላት፤ እንደ ልጅ ደስ አላት። ኤርቬን ዞር ብላ አየችው፣ እሱ ግን ጫማውን ያያል።

"መስቀልማ አማቴም ትሰቅላለች" አለ ጉልቬን። "አውርጂው።"

ይህን ሲል ከተራራው ወገን ውኃው ጠቆረ። ነፋሱ ከታሰበው በላይ በርትቶ ደረሰ። ብሬኒግ ጎኗን ሰጠች፣ ወጥ ቤቱ ውስጥ አንድ ድስት ወድቆ ተንከባለለ። ሶአዚግ ጊዜ አላጠፋችም፤ ወደ ኋላ ተመለሰችና ልጓሙን ከመጠምጠሚያው ፈትታ ለቀቀችው። ገመዱ ትርፉ ከሚከማችበት ቦርሳ እየወጣ ሁለት ክንድ፣ ሦስት ክንድ ሄደ። ከዚያ ቀጥ ብሎ ቆመ።

ሸራው ግማሹ ሞልቶ ግማሹ እየተርገበገበ ምሰሶውን ይንጠው ጀመር። እጅጌው እንደሆነ አይወርድም። ጉልቬን ኬኩን ጥሎ ብድግ ሲል "ተቀመጥ!" ብላ ጮኸችበት። በዕድሜው እንዲህ የጮኸበት ሰው ስላልነበረ ተቀመጠ።

"ተይው ሶአዚግዬ!" አለ ኤርቬ። እጁ ከኪሱ ወጥቷል። "በቃ፣ ሞክረሻል። ጉልቬን ያውርደው!"

"እጅህን መልስ!"

ወደ ኋላ አየች። ገመዱ የሚያልፍበት የኋላው በከራ አፍ ላይ አንድ ቋጠሮ ተሸጉጦ ተቀርቅሯል። ማን፣ ለምን፣ ብላ ለማሰብ ጊዜ አልነበራትም። ጥርሷን ነክሳ ከቀበቶዋ ቢላዋውን መዘዘች፣ በደረቷ ተኝታ ክንዷን ከበከራው ወዲያ ሰደደችና ገመዱን ገዘገዘችው። እንደ ጥይት ጮኾ ተበጠሰ። ሸራው ባዶውን እንደ ባንዲራ ወደ ፊት ተወረወረ፣ ጀልባዋም ቀና አለች።

ከዚያ በኋላ ያለው የጉልበት ሳይሆን የትዕግሥት ሥራ ነበር። ሶአዚግ ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ፣ እግሯን ከብረቱ ጋር ወጥራ፣ የእጅጌውን ገመድ ክንድ በክንድ ሳበች። እጅጌው እንደ እባብ እየዋጠ ወረደ። መስቀያውን ለቀቀች፣ ረጅሙን ጥቅልል እየተቀበለች በፊተኛው መዝጊያ በኩል ወደ ታች ከተተች፣ መዝጊያውንም ቆለፈች። ማንም ጣቱን አላነሳላትም።

"ተሸጠ" አለ ጉልቬን።

ሶአዚግ ወደ ኋላ ሄዳ ቋጠሮውን ከበከራው አፍ ነቅላ መዳፏ ላይ አገላበጠችው። ስምንት ቁጥር ቋጠሮ ነው፣ ከገመዱ ጫፍ አይደለም፣ ቦርሳው ውስጥ ከሚደበቀው ከመሃሉ። አዙሩም ተገላቢጦሽ ነው። ኤርቬ ግራኝ ነው። ሰላሳ አንድ ዓመት ያየችውን እጅ እንዴት ትስተዋለች? እንዲህ ያለ ስሕተት ሌላ ሰው ሊሳሳት ይችላል፤ ኤርቬ ግን ተኝቶም አይሳሳተውም።

ቋጠሮውን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠችለት። ጉልቬን አንገቱን አዙሮ የባሕር ወፍ መቁጠር ጀመረ።

"አንተ ነህ።"

"እኔ ነኝ።"

"ልትገድለን ነበር፣ አንተ ከንቱ ሰው!"

"ነፋሱ እንዲህ ይበረታል አላልኩም። ሸራው አልወርድ ይላል፣ ጉልቬን ያወርደዋል፣ አንቺም ተይው ትያለሽ ብዬ ነው።"

"ለጥርስ ሐኪሙ ልትሰጣት! ሰኞ ሦስት ጊዜ ስጠቀልል፣ ክንዴ ሲቃጠል፣ አንተ ቁጭ ብለህ ታየኛለህ። መሄድ ካልፈለግህ አፍ የለህም? ፍርሃት በአፍ ይነገራል እንጂ ከገመድ ቦርሳ ውስጥ ይደበቃል?"

ኤርቬ ዓይኑን ከባሕሩ አላነሳም። "መሞቱን አልፈራም" አለ። "ከሞትኩ በኋላ ያለውን ነው የምፈራው። የካናሪ ደሴቶችን ካለፍን ወደ ኋላ መመለስ የለም። በአምስተኛው ቀን ብሞት፣ አንቺ እኔን እዚያች ጠባብ አልጋ ላይ አስተኝተሽ አሥራ አምስት ቀን ብቻሽን። ሌሊት ሌሊት ይህን ነው የማየው። እንዴት አድርጌ ልንገርሽ?"

ሶአዚግ ይህን አላሰበችውም ነበር። ስለ ሸራው፣ ስለ ገመዱ፣ ስለ ክንዷ ስታስብ ከርማ እሱ የሚያስበው ሌላ ኖሯል። ንዴቷ አልበረደም፣ ግን አጠገቡ ተቀመጠች። ቢላዋውን ወደ ሰገባው መለሰች።

"ስማ" አለችው። "ከሞትክ እዚያው በሸራ ጠቅልዬ እጥልሃለሁ። ከዚያ መንገዴን እቀጥላለሁ። ማርቲኒክ ደርሼ ለነፍስህ አንድ ብርጭቆ ሩም እጠጣለሁ፣ ምናልባትም ሁለት።"

ኤርቬ አፍንጫውን በካፖርቱ እጅጌ ጠረገ። "በየትኛው ሸራ?"

"በቀዩ። ለሌላ ምን ይሆናል?"

በመጀመሪያ የሳቀው ጉልቬን ነው፤ ወፎቹን ትቶ ሲሰማ ኖሯል። ኤርቬም ደረቱን ደግፎ ሳቀ፣ ሐኪሙ እንደከለከለው አድርጎ። ወደብ ሲደርሱ ስልኩን አወጣና ለጥርስ ሐኪሙ ጀልባዋ እንደማትሸጥ ነገረው። ሶአዚግ እስኪጨርስ ድረስ አጠገቡ ቆማ አዳመጠች፤ ካሁን በኋላ የሚያስረውንም የሚፈታውንም በዓይኗ ልታይ ወስናለች።

ነሐሴ ሲያልቅ ብሬኒግን ጫኑ። የሰርዲን ቆርቆሮ፣ የስንዴ ዱቄት፣ ውኃ፣ የልብ መድኃኒት፣ ሰባ አምስት ካሬ ሜትሩ ሰማያዊ ሸራ፣ ቋጠሮ የሌለው አዲስ ልጓም። ሶአዚግ የመጨረሻውን ሳጥን ስታወርድ ኤርቬ ከወደቡ ሜዳ ማዶ የጉልቬንን ጋሪ እየገፋ መጣ። በጋሪው ላይ ቀዩ ሸራ በወጉ ታጥፎ፣ በሲባጎ ታስሮ ተቀምጧል።

"ይሄን ደግሞ ምን ልታደርገው?" አለችው፣ ከአፏ እንደወጣ ግን ገባት።

"ቃል ገብተሽልኛል" አለ ኤርቬ።

ሶአዚግ ወደ ታች ወረደችና ከአልጋው ሥር የነበሩትን የሰርዲን ሳጥኖች ወደ ጥግ ገፍታ ቦታ አበጀችለት።