ቅዳሜ አልሞትም

ዱላዬ የተሰበረው ጥር ውስጥ፣ በሁለተኛው ቅዳሜ ነው። ሲሰበር የተሰማው ድምፅ አዳራሹን ጸጥ አሰኘው፤ ቡድናችን ያን ያህል ትኩረት አግኝቶ አያውቅም። የፕላስቲክ ዱላ አቀበሉኝ። አስራ ሰባት ጎል ገባብኝ።

በረኛ ነኝ። የምንጫወተው ላክሮስ ነው፣ ጫፉ ላይ መረብ ባለው ዱላ ኳስ የሚቀባበሉበት፤ የብርዱን ወራት ሙሉ፣ ጣሪያ ሥር፣ በበረዶ ሜዳ ላይ አረንጓዴ ምንጣፍ ተነጥፎ። ኳሷ ጎማ ናት ይባላል፤ ያልመታችው ሰው ነው እንዲህ የሚለው። እኛ የግራንድ ወንዝ ነባር ሕዝቦች የፈጣሪ ጨዋታ እንለዋለን። ሊጉ ደግሞ ፍራሽ ሻጭ ስፖንሰሩን አክብሮ የፍራሽ ዋንጫ ይለዋል።

አሰልጣኛችን ፍላናጋን መልበሻ ክፍል ድረስ ተከትሎኝ መጣ።

«ታይ፣ አምስት ተጫውተን አምስቱንም ተሸነፍን። ወይ አንተ ዱላ ታመጣለህ፣ ወይ እኔ በረኛ አመጣለሁ።»

ዕድሜዬ ሠላሳ ስድስት ነው። ጉልበቴ ስልሳ። ከሰኞ እስከ ዓርብ የተማሪ አውቶቡስ እነዳለሁ፤ በረኛ የምሆነው ቅዳሜ ብቻ ነው። ከዚህ ቡድን ከወጣሁ ቅዳሜም ሾፌር ነኝ።

በማግስቱ መንደራችን ኦህስዌከን፣ አጎቴ ኤልመር ቤት ሄድኩ። የእናቴ ወንድም ነው። ሂከሪ የሚሉትን ጠንካራ እንጨት ጠርቦ፣ በእንፋሎት አጉብጦ፣ ዓመት አድርቆ ዱላ የሚሠራ በዚያ አካባቢ ቢቆጠር ሦስት ሰው አይሞላም፤ አንዱ እሱ ነበር። አሁን ሳንባው እምቢ ብሎት አፍንጫው ላይ የኦክስጅን ቱቦ ሰክቶ ተኝቷል።

«አስራ ሰባት!» አለኝ ገና በሩን ሳልዘጋ። «እኔ እንዲህ በቱቦ ታስሬ እንኳ ከአስራ አምስት አያልፍብኝም።»

«አጎቴ፣ ዱላ ፈልጌ ነው።»

«ጣሪያው ሥር ያለው ለመስከረም ነው። አልደረቀም። እርጥብ ሂከሪ እንደ ፖለቲከኛ ነው፣ የነካው ሁሉ ያጎብጠዋል።»

ዓይኔ ከአልጋው በላይ ግድግዳው ላይ ሄዶ ቀረ። የራሱ የበረኛ ዱላ እዚያ ተሰቅሏል። ምን እንደሆነ የማያውቅ የለም። የእኛ ወንድ ሲወለድ ዱላ ይሰጠዋል፤ ሲሞትም ዱላው አብሮት ይገባል፣ ወዲያ ማዶ ለጨዋታ ይጠሩታልና። ዓይኔን ማንሳት ነበረብኝ። አላነሳሁም።

የአጎቴ ሴት ልጅ ዳርሊን መወልወያዋን እንደያዘች ከኩሽና ብቅ አለች።

«እዩት! የሰው የመቃብር ዕቃ እያየ ምራቁን ሲውጥ!»

ዱላ ቀረሽ ጭቅጭቅ ይባል የለ? በእኛ ቤት ዱላው ነበር፤ የቀረው የሚያነሳው ነው። የወንድን ዱላ ሴት አትነካም፣ ሕግ ነው። «ብነካው ኖሮ አናትህ ላይ ነበር የምሰብረው!» አለችና በመወልወያው ጎኔን ደቃችኝ። መወልወያ ሕግ የለውም።

አጎቴ ሳቀ። ሳቁ ሳል ሆነበት፤ ሳሉ እስኪያልፍ ሁለታችንም መሬት መሬቱን እናይ ነበር።

«ውሰደው» አለ በመጨረሻ። «ግን ስማ። ዱላው ሳይኖር ከሄድኩ እዚያ ባዶ እጄን ነው የምቆመው። ባዶ እጁን የመጣን ሰው ምን እንደሚያደርጉት ታውቃለህ?»

«ምን?»

«ዳኛ።»

ከዚያ ሳቁ ከፊቱ ጠፋ። «ጨዋታችሁ ቅዳሜ ነው። ቅዳሜ አልሞትም፣ ቃሌ ነው። እሁድ ግን ዱላው ምስማሩ ላይ ይደር። ሳይሰበር።»

«ሳይሰበር» አልኩ።

ማሸነፍ ጀመርን። ከአስራ ሁለት ጨዋታ ስምንቱን። በጥር «ወንፊቱ!» ይለኝ የነበረው የአዳራሹ ለፍላፊ በየካቲት «ግንቡ!» አለኝ። ሊጉ የእኛን ባህል ለማክበር «የቅርስ ምሽት» ብሎ ለተመልካቹ የወረቀት ላባ አደለ፤ የአክስቴ ልጅ ዱዊ አንዷን ጆሮው ላይ ሰክቶ «ተመስገን፣ አሁን ገና የእኛ ሰው ሆንኩ» አለ። እኔ አልሳቅኩም። ቅዳሜ ሲመሽ የማስበው ምስማሩን ብቻ ነበር።

እሁድ እሁድ አጎቴ ይጠይቀኛል።

«ዱላው ስንት አዳነ?»

«አርባ አንድ።»

«ስንት ገባ?»

«ዘጠኝ።»

«ዘጠኙ የአንተ ነው።»

በየሳምንቱ ፊቱ እየጠበበ፣ ቱቦው እየሰፋ የመጣ ይመስለኝ ነበር።

መጋቢት ላይ አንዲት ኳስ ዱላውን እጥፋቱ ላይ አገኘችው። ከጨዋታው በኋላ መብራት ሥር ወስጄ ሳየው የፀጉር ያህል የቀጠነች መስመር አለች። የእንጨቱ ትሁን የቀለሙ አልለይልህ አለኝ። ደጋግሜ እንዳላይ ጥቁር ፕላስተር ጠመጠምኩበት።

«ምን አለበስከው?» አለኝ አጎቴ በማግስቱ።

«በርዶት ነው።»

አተኩሮ አየኝ። «እኔንም ይበርደኛል» አለና ፊቱን ወደ ግድግዳው መለሰ።

ከዚያ ወዲህ ኳስ ዱላውን በመታ ቁጥር የሰው ጎድን ሲሰነጠቅ የምሰማ ይመስለኝ ጀመር። ኳሷን በደረቴ፣ በትከሻዬ፣ በጭምብሌ መመለስ ጀመርኩ። ጋዜጦቹ «ጀግንነት» አሉት። ሰውነቴ በልዞ ልብስ መልበስ አቃተኝ።

የዙሩ የመጨረሻ ጨዋታ በስተምዕራብ፣ የአምስት ሰዓት በረራ፣ ሌላው ውቅያኖስ ዳርቻ፣ ሰዓቱ ከእኛ በሦስት ወደ ኋላ በሚቀር ከተማ ሆነ። ያሸነፈ ጥሎ ማለፉ ውስጥ ይገባል፣ የተሸነፈ ወደ ቤቱ። ዓርብ ዱላውን ላወርድ ስገባ የአጎቴ ከንፈር ጠቁሯል።

«ልቅር፣ አጎቴ?»

«ቅዳሜ አልሞትም አላልኩህም?»

በእረፍት ሰዓት አምስት ለአምስት ነበርን። ስልኬ ጮኸ፤ ዳርሊን ናት።

«አባዬ ‹ዛሬ ምን ቀን ነው› እያለ ይጠይቃል።»

«ቅዳሜ ነው በይው!»

«እኩለ ሌሊት ሞልቶ እሁድ ሊሆን ሃያ ደቂቃ ነው የቀረው።»

«እዚህ ገና ነው! ሦስት ሰዓት እንኳ አልሆነም!»

«የሚሞተው እዚህ ነው፣ አንተ ደንቆሮ!»

የኦክስጅኑ ማሽን ሲተነፍስ ይሰማል።

«ጨዋታውን በስልኩ እያየ ነው» አለች ቀስ ብላ። «አንተን አያይም። ዱላውን ነው የሚያየው።»

«የግድግዳውን ሰዓት ወደ ኋላ መልሺው፣ ዳርሊን። በሦስት ሰዓት መልሺው።»

«አባዬን ሰዓት አያታልለውም» አለች። ግን ወንበር ስትጎትት ሰማኋት።

መደበኛው ጊዜ አስር ለአስር አለቀ። ጭማሪ ተሰጠ፤ ቀድሞ ያገባ ያሸንፋል። በሦስተኛው ደቂቃ ሃንሰን የሚሉት ረጅሙ ተኳሻቸው ከሁሉም አምልጦ ብቻውን መጣ። ወዴት እንደሚመታ አውቄዋለሁ፤ ወደ ቀኝ፣ ዝቅ አድርጎ። ዱላውም እዚያው ነበር፣ ቦታው ላይ። የሃንሰን ክንድ ወደ ኋላ ሲሄድ ጥቁሩን ፕላስተር አየሁት። አጎቴ ባዶ እጁን፣ የዳኛ ፊሽካ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ታየኝ።

ዱላውን አነሳሁት። እንደ ሕፃን ደረቴ ላይ አቀፍኩት። ኳሷ በባዶው ቦታ ገባች።

ለፍላፊው ምን እንዳለ አልነግራችሁም። ፍላናጋን አልጮኸብኝም፤ ቢጮህ ይሻል ነበር።

«ለምን አነሳኸው?»

«ሊሰበር ነበር።»

«ዱላ ነው እኮ፣ ታይ።»

እሁድ ከሰዓት ኦህስዌከን ስደርስ ደጁ በመኪና ተሞልቷል። ዳርሊን በረንዳው ላይ ቆማለች። መወልወያ አልያዘችም።

«መቼ?» አልኳት።

«አንተ ስታነሳው። ከሌሊቱ ለሰባት አስር ጉዳይ ነበር። በግድግዳው ሰዓት ግን ገና ቅዳሜ ነው።» አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠረገች። «ረጅሙ ሰውዬ ሲመጣ አባዬ ከትራሱ ቀና አለ። ቱቦውን ነቅሎ ‹ዱላውን!› ብሎ ጮኸ። ደግሞ፣ ‹ዱላውን…› አለ። በቃ።»

«ዱላውን ምን?»

«አልጨረሰውም።»

ግሱን ይዞት ሄደ። ለቅሶው ላይ ክርክሩ አላባራም። ዱዊ «‹ዱላውን ተጠቀምበት› ማለቱ ነው፣ ዕድሜ ልኩን በረኛ ነበር» አለ። የሬሳ ሳጥኑን የሠሩት ሽማግሌ «‹ዱላውን አድንልኝ› ነው» አሉ። የበቆሎ ሾርባ የሚቀዱት ሴቶች ደግሞ እየሰማኋቸው «‹ዱላውን መልስ፣ አንተ ሌባ!› ነው እንጂ» ተባባሉ። ከክለቡም ደብዳቤ ደረሰኝ፤ ለአገልግሎቴ ያመሰግናል፣ ያሰናብተኛል፣ ፍራሽ ከገዛሁም አስር በመቶ ይቀንስልኛል።

ሳጥኑ ሊዘጋ ሲል ዳርሊን አጠገቤ መጣች፣ ዱላውን እንዳትነካ እጇን ወደ ኋላ አድርጋ።

«ያን ፕላስተር አውልቅለት። እዚያ ፕላስቲክ ለብሶ አይቆምም።»

ዓይኔን ጨፍኜ ተረተርኩት። ዱላውን ቀኝ እጁ ሥር አስገባሁለት። አውራ ጣቴ እጥፋቱ ጋ ሲደርስ ሰበሰብኩት።

«ተሰንጥቋል?» አለችኝ።

«ደህና ነው» አልኳት፣ ሳላይ።