ሃያ ደቂቃ ከሐኪሙ ጋር

«ኢቲሳም፣ ትሰሚኛለሽ?» አለ ከደሴ በቪዲዮ የሚያነጋግራት የአእምሮ ሐኪም፣ ዶክተር ሐቢብ።

ኢቲሳም ራሷን ነቀነቀች። ጠረጴዛው ላይ ከቆመው ስልክ ዐይኗን አንስታ፣ በሩ ሥር የቆመችውን የማረሚያ ቤቱን ጠባቂ ሱረያን ሰረቅ አድርጋ አየቻት።

«እንቅልፍስ?»

«አልሐምዱሊላህ፣ ደህና እተኛለሁ።»

ውሸቷን ነው። ከሳውዲ በተመለሰች በአራተኛው ወር የአጎቷን ቤት አቃጥላለች ተብላ የገባች ልጅ ናት። ሰሞኑን ከማይታይ ሰው ጋር በዐረብኛ ስትሟገት ነው የሚነጋላት። ትናንት ሻሿን ቀድዳ ለአንገቷ ገመድ ስትገምድ የደረሰችባት ራሷ ሱረያ ነች። ሐኪሙ ደግሞ የሚገኘው በሁለት ሳምንት አንዴ፣ ለሃያ ደቂቃ ብቻ ነው። የዛሬውም ኔትወርኩ ሲቆራረጥ ግማሹ አልቋል።

«ሌላው የማይሰማው ድምፅ ይሰማሻል?»

«ኧረ ምንም የለ።» አሁንም ሱረያን አየቻት።

ሱረያ ነገሩ ገባት። ሁለቱም የአንድ ከተማ፣ የውጫሌ ልጆች ናቸው።

«እኔን ፈርተሽ ነው?» አለቻት ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

ኢቲሳም ወደ እሷ ዞረች። «አብዳለች የሚል ወሬ ውጫሌ ከደረሰ እናቴ ትሞታለች፣ ወላሂ።»

ደንቡ ጠባቂ ታራሚን ከዐይኑም ከጆሮውም እንዳያርቅ ያዛል። ሱረያ ጥቂት አመነታች። ከዚያ ወጥታ በሩን ገጠም አደረገችና መስኮቱ ሥር ቆመች። በረንዳው ላይ ከግቢው ማዶ ካለው ሐይቅ የሚመጣው ነፋስ ተቀበላት። ልጅቷን ታያታለች፤ ድምጿን ግን አትሰማም።

ኢቲሳም መጀመሪያ አቀረቀረች። ቀስ በቀስ ወደ ስልኩ ተጠጋች። እንባዋ ጉንጯ ላይ ይወርዳል፤ አፏ ግን አላረፈም።

«ሱረያ! ውጭ ምን ትሠሪያለሽ?» ተረኛው ኃላፊ አራጋው እየተጣደፈ መጣ።

«እየጠበቅኋት ነው፣ ጌታዬ። ትታየኛለች።»

«መስማትም አለብሽ። ነገ አንድ ነገር ብትሆን ተጠያቂው ማነው? ግቢ!»

ሱረያ የበሩን እጀታ ያዘች። ደሞዟም፣ የዘንድሮው እድገቷም በዚህ ሰው ብዕር ሥር ናቸው። በመስኮቱ አሻግራ አየች። ኢቲሳም አንገቷን በጣቷ እያሳየች ለሐኪሙ አንድ ነገር ታስረዳለች።

«ስድስት ደቂቃ ነው የቀራት።»

«ግቢ አልኩሽ! አለዚያ ስምሽን ሪፖርት ላይ አሰፍረዋለሁ።»

«ያስፍሩት» አለች ሱረያ፣ ዐይኗን ከመስኮቱ ሳትነቅል፤ እጀታውንም ለቀቀችው።