ከረጢቴ ዝም አለ

የጉዞውን ዕቃ ያሰናዳነው በባንተአምላክ ግቢ ነው። ባንተአምላክ የስፖርት መምህር ነው፤ የብስክሌት ማኅበራችንም ሰብሳቢ። ከሰቆጣ ተነስተን በዋጉ ዝቋላ በኩል ሰሃላ ድረስ ልንሄድ ነበር። አራት ነን። ሦስቱ ወጣቶች ናቸው። እኔ በመሥሪያ ቤት ተላላኪነት ዕድሜዬን ብስክሌት ላይ ጨርሼ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ።

ጆንያ አንጥፈን የጋራውን ዕቃ ደረደርን፤ ቁልፎች፣ ፒንሳ፣ መዶሻ፣ መንፊያ፣ ትርፍ ሰንሰለት፣ የውስጥ ጎማ፣ ማስቲሽ፣ ጎማውን የሚወጥሩት ሽቦዎች። ከዝቋላ ወዲያ ጠጋኝ የለም። የተሰበረውን ራሳችን ካልጠገንን በእግር ነው። ስለዚህ ከጋራው ዕቃ ድርሻውን ያልያዘ አይሄድም ተባብለን ነበር።

«ጋሽ ቅጣው ግን ምንም አይያዙ» አለ ሸጋው። ሸጋው ገበያው ዳር ልብስ ይሰፋል፤ ቀልድ አያልቅበትም። «እርስዎ ምርቃት ይያዙልን። ምርቃት አይከብድም።»

«ምርቃት የተበጠሰ ሰንሰለት ይቀጥላል?» አልሁት።

ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም።

«ከእናንተ እኩል ካልያዝሁ እቤቴ እቀመጣለሁ። ልትሸከሙኝ አይደለም የምሄደው።»

ባንተአምላክ ራሱን ነቀነቀና ቁልፎቹን፣ መዶሻውን፣ ሰንሰለቱንም ለእኔ መደበ። በሸራ ከረጢት ከትተው በማግስቱ ጠዋት ብስክሌቴ ላይ ራሳቸው አሰሩልኝ።

እንደተነሳን አወቅሁ። ብረት ድምፅ አለው። በድንጋይ ንጣፍ ላይ ብረት የያዘ ከረጢት ዝም አይልም፤ የእኔው ዝም ብሏል። ከፊቴ ያለው የፀደይ ብስክሌት ግን ከኋላው ይንኳኳል። ፀደይ ነርስ ናት። ከሁላችን ቀጭን ናት። ጭነቷን በጋቢ ሸፍነውላታል፤ ከጋቢው በታች የተቆለለው የአንድ ሰው ድርሻ አይደለም።

«ቁሚ» ብል ይበቃ ነበር። ዳገቱ ቅርብ ነው፤ እሱን እንለፍና እናገራለሁ አልሁ በልቤ። ዳገቱ ላይ ጉልበቴ አላስቸገረኝም። እኩል ወጣሁ።

«ጋሽ ቅጣው፣ ወጣቱን አሳፈሩት እኮ!» አለ ሸጋው ዞሮ።

ምስጋናውን ተቀበልሁ። ፀደይ ላቧን በክንዷ እየጠረገች ትገፋለች። ከዚያ ወዲያ መናገሩ ይብስ ከበደኝ።

ከሰዓት በኋላ ወደ ዝቋላ ስንወርድ የፀደይ የኋላ ጎማ ሽቦዎች ጧ፣ ጧ እያሉ ተበጠሱ። ጎማው ተጣመመና ጣላት። ጉልበቷ ተላጠ።

«ጭነቱ በዝቶባት ነው» አለ ባንተአምላክ። ወዲያው አፉን ያዘ። አየኝ።

ከመንገዱ በላይ ማሽላ ከወፍ የሚጠብቁ ባልና ሚስት ሩጠው ወረዱ።

«መሥሪያ አላችሁ?» አለ ገበሬው።

«አለን» አለ ሸጋው። ማንም ግን አልተንቀሳቀሰም። ሁሉም መሬት መሬት ያያል።

ገበሬው ዙሪያውን ቃኘና የእኔን ከረጢት አየ። «ሽማግሌው ዘንድ ነው እንግዲህ» ብሎ፣ ደግ ሰው ነውና፣ ራሱ ፈታው። ሁለት ጋቢና አንድ ፌስታል የእንጀራ ድርቆሽ ወጣ። ፀደይ ደግሞ በዚያው ቅጽበት ከራሷ ብስክሌት መዶሻውን ታወርዳለች።

ሚስትየዋ አፏን በነጠላዋ ይዛ ሳቀች። «ዓይ አንቱ! ልጅቱን ብረት አስጭነው እርስዎ በድርቆሽ!»

ፊቴ ነደደ።

«አታለላችሁኝ!» ብዬ ጮህሁ። «በሽበቴ ተጫወታችሁ! ሳላውቅ ሰው ፊት አዋረዳችሁኝ!» ሳላውቅ የሚለውን ደጋገምሁት።

«ጋሽ ቅጣው፣ ሽማግሌ ብረት አሸክመው ሄዱ እንዳንባል ብለን...» አለ ባንተአምላክ።

«ዝም በል!»

ፀደይ መዶሻውን አስቀመጠች። ከመንገዱ ዳር ጠፍጣፋ ድንጋይ አነሳች፤ አንገቷ ላይ አድርጋ፣ ጎንበስ ብላ ወደ እኔ መጣች። የሱሪዋ ጉልበት በደም ርሷል።

«ሐሳቡ የእኔ ነው፤ እነሱ የሉበትም። ይቅር ይበሉኝ።»

ድንጋይ ተሸክሞ የመጣን ሰው ማቆየት ነውር ነው። ገበሬው ቆቡን አወለቀ።

«ያውርዱላት እንጂ! ልጅ ናት» አለ። ሚስቱም ሳቋን ትታ «ስለ ማርያም» አለች።

ይቅር ብያለሁ ብል ያልቅ ነበር። የተበደልሁ ሰው ሆኜ፣ ተከብሬ እቀጥላለሁ። ቃሉ አፌ ድረስ መጥቷል። ግን ከጠዋት ጀምሮ የእኔን ጭነት ስትገፋ የዋለች ልጅ ናት። አንገቷ ይንቀጠቀጣል።

ድንጋዩን አወረድሁላት።

«አውቄ ነበር» አልሁ።

«ምኑን?»

«ከሰቆጣ ሳንወጣ ነው ያወቅሁት። ከአንቺ ኋላ ሲንኳኳ ሰምቻለሁ። ስለተመቸኝ ዝም አልሁ።»

ገበሬው ቆቡን መልሶ ደፋና ሚስቱን «ነይ፣ ወፉ ማሽላውን ጨረሰው» አላት። ወፍ አልነበረም። እኔን ላለማየት ነው የሄዱት።

ያንኑ ድንጋይ ላነሳ ጎንበስ ስል ፀደይ በእግሯ ረገጠችው።

«ተዉት» አለች። «አሁን ይቅር ማለቱም መቀየሙም አይሆንልኝም። ጎማዬን ልሥራ።»

ተቀምጣ ሠራች። አጠገቧ ተንበረከክሁ። «ያዙ» ስትለኝ ያዝሁ፤ «ልቀቁ» ስትለኝ ለቀቅሁ። ጎማው ሲቃና እጇን በአፈር አሸችና ተነሳች።

«ጋሽ ቅጣው፣ ስንቱን ይችላሉ?» አለች። «እውነቱን ይንገሩኝ። ከፊታችን ሌላ ዳገት አለ።»

ሦስቱም ያዩኛል። ሚስቴ ከሞተች ወዲህ ማንም እንዲህ ጠይቆኝ አያውቅም፤ እንዳይጠይቁኝም እየቀደምሁ እፎክር ነበር።

«ቁልፎቹንና መንፊያውን» አልሁ። «ሰንሰለቱንና መዶሻውን አልችልም።»

«ምን አሉ?» አለ ሸጋው። አላሾፈም፤ ከልቡ አልሰማም።

«አልችልም አልሁ!»

ፀደይ ሰንሰለቱን ለሸጋው፣ መዶሻውን ለባንተአምላክ ሰጠች። ቁልፎቹን አንድ በአንድ ከረጢቴ ውስጥ ትጥል ጀመር። እኔ የከረጢቱን አፍ ከፍቼ ያዝሁላት።