የትሪው ግራ

ለሚመለከተው ሁሉ ይታወቅ፤ በመምህር ውቤ ቤት ምሳ የሚበላው ሰባት ሰዓት ላይ ነው። ቀድሞ የመጣ ይጠብቃል፤ ዘግይቶ የመጣ ትሪው ሲነሳ ይደርሳል። ይህ ደንብ ሃያ ስድስት ዓመት ሲሠራበት ኖሯል፤ ስትሮክም አልሻረውም።

እኔ ከቤታቸው ፊት ለፊት ፎቶ ኮፒ ቤት ያለኝ ሀሩን ነኝ። ወላጆቼ በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከወሎ መጥተው እዚሁ ጋምቤላ ሰፈሩ። ትምህርቴ ከስምንተኛ አላለፈም፤ ኮፒ የማደርገውን ሁሉ ግን አነባለሁ። እነ መምህር ቤት ምሳ የምበላው ረቡዕና ዓርብ ነው። በጾም ቀን የእስላም ሥጋ፣ የክርስቲያን ሥጋ የሚባል ጣጣ የለም።

መምህር ውቤ የወደቁት በጥቅምት፣ ክፍል ውስጥ፣ አንድን መስመር ለሁለት እኩል እንዴት እንደሚከፍሉት በሰሌዳው ላይ ሲያሳዩ ነው። ከሆስፒታል ሲመለሱ ግራ እጃቸውና ግራ እግራቸው አልታዘዝ ብለዋል። ይህ ብቻ ቢሆን ባልከፋ፤ ሰው ሲታመም አይተናል። ግን ግራ የሚባለው ነገር በሙሉ ጠፍቶባቸዋል። ጢማቸውን ሲላጩ የቀኙን ብቻ ይላጫሉ። ልጃቸው ናዝሬት በግራቸው ተቀምጣ ጫማቸውን እያሰረች፣ «ናዝሬት ዛሬም አልመጣችም? ይቺ ልጅ አባት የላትም?» ይላሉ። ናዝሬት ተነስታ በጀርባቸው ትዞርና በቀኝ ብቅ ትላለች። «መጣሁ አባዬ፤ ባጃጅ አጥቼ ነው።»

የምትከታተላቸው የሆስፒታሉ ነርስ ኛዱዋል ናት። ድሮ ተማሪያቸው ነበረች፤ አሁን ስለ አንጎል ሕመም በሚደረግ አንድ ጥናት ላይ ትሠራለች።

«ዓይናቸው ደህና ነው» አለችን የመጀመሪያ ቀን። «ግራን የተወው አንጎላቸው ነው። መተዉንም አያውቁትም። አትከራከሯቸው።»

«ይመለስላቸዋል?» አሉ ባለቤታቸው እትዬ አይናለም።

«አንዳንዱ በሦስት ወር ይመለስለታል። አንዳንዱ እንደዚሁ ይቀራል። ጥናት የምናደርገው ስለማናውቅ ነው።» ደግሞ ጨመረች፦ «አንድ ነገር ልንገራችሁ። ሲሻላቸው ማዘን ሊጀምሩ ይችላሉ፤ የጎደለውን ማየት ሲጀምሩ። ያን ጊዜ አትደንግጡ።»

ስለዚህ ያ ቤተሰብ ቀኑን ሙሉ ሰውየውን እያሳቀ፣ ለጸሎት ሲቆም ደግሞ ሐዘን እንዲሰጣቸው ይለምን ነበር።

አትከራከሯቸው ተብለናልና አልተከራከርንም። «ግራ እጅህን እስቲ አንሳ» ይሏቸዋል እትዬ አይናለም። «አነሳሁ እኮ» ይላሉ መምህር። እጁ ጭናቸው ላይ እንደተኛ ነው። «ጎበዝ» እንላለን። «ሰኞ ሥራ እገባለሁ» ይላሉ። «ይግቡ እንጂ» እንላለን። ሰኞ ይመጣል፤ ይሄዳል።

ምሳ ላይ ደግሞ እንዲህ ነው። ጨው ስለተከለከሉ ትሪያቸው ለብቻ ነው። የቀኙን ግማሽ ይበሉና ያቆማሉ። ግራው እንዳለ ነው፤ ለሳቸው ግን ትሪው ባዶ ነው። «ዛሬስ ወጥ አሳነሳችሁ።» እትዬ አይናለም «ቆይ ልጨምርልህ» ብለው ጭልፋውን ድስቱ ላይ ያንኳኩና ትሪውን ግማሽ ዙር ያዞሩታል። መምህር «እንዲህ ነው እንጂ» ብለው ይበላሉ። ሦስት ወር ሙሉ ባዶ ጭልፋ ሲንኳኳ ሰምቻለሁ።

ጥናቱ መነፅር አለው። ያያችሁትን ነገር ሁሉ ወደ ቀኝ አሽሽቶ ያሳያል። መምህር እሱን አድርገው የኛዱዋልን ጣት ሊነኩ ይዘረጋሉ፤ ይስታሉ፤ ደግመው ይዘረጋሉ። ሲስት ሲስት እጅ ወደ ግራ መሄድ ይለምዳል ነው ሐሳቡ። በሳምንት ሦስት ቀን ትመጣለች። አንድ ጊዜ ልምምዱ እንዳለቀ መምህር ወደ ግራቸው ዞር ብለው «ናዝሬት፣ እዚህ ነሽ እንዴ?» አሉ። ናዝሬት ወደ ጓዳ ሮጣ አለቀሰች። ስትመለስ እንደገና ጠፍታባቸው ነበር።

የሦስተኛው ወር ፈተና ሲደርስ ነው ጥፋት የሠራነው።

ኛዱዋል የፈተናውን ወረቀት ኮፒ ልታስደርግ እኔ ዘንድ መጣች። አንድ ገጽ ላይ አሥራ ሁለት መስመር፤ በሽተኛው እያንዳንዱን መሃሉ ላይ በእርሳስ ጭረት ይቆርጣል፤ ግራ የጠፋበት ሰው ወደ ቀኝ ይስታል፤ ሌላ ምንም የለውም። አንዱ ቅጂ ተጨማዶ ወጣ። ጣልኩት። ስትሄድ አነሳሁትና ለእትዬ አይናለም ወሰድኩላቸው። የአስተማሪ ቤት ነው፤ ፈተና ማለት የሚታለፍ ነገር ነው። ፈተና ደግሞ አስቀድሞ ከእጅ ከገባ ይጠናል።

«መስመሮቹ ሁሉ አንድ ልክ ናቸው» አሉ እትዬ አይናለም በክር ለክተው። አዲስ እርሳስ አወጡና የመስመሩን ግማሽ እስኪያክል ድረስ ቀረጹት። እርሳሱን ከመስመሩ ቀኝ ጫፍ ጀምሮ ማስተኛት፤ ጫፉ የደረሰበት ላይ መቁረጥ። አለቀ።

መምህር «ይሄ ሒሳብ አይደለም» አሉ። «መስመር የሚከፈለው በኮምፓስ ነው።»

«አዲሱ ዘዴ ነው» አሉ እትዬ። ሳምንት ሙሉ አጠኗቸው።

ረቡዕ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ኛዱዋል ወረቀቱን ፊታቸው ዘረጋች። ሙቀቱ ቆርቆሮውን ያንቋቋዋል። «መምህር፣ እያንዳንዱን መሃሉ ላይ ይቁረጡልኝ።»

«ይሄን ያስተማርኩሽ እኔ አይደለሁም?»

«እርስዎ ነዎት።»

«ስንት አገኘሽ?»

«ከሃያ አሥራ አንድ።»

«አሥራ አንዱንም አዝኜልሽ ነው።»

ሳቀች። ከዚያ መምህር አጭሩን እርሳስ አወጡና ከቀኝ ጫፍ አስተኙት። ቆረጡ። ሁለተኛውን። ሦስተኛውን። ኛዱዋል እርሳሱን አየች፤ እትዬ አይናለምን አየች፤ እኔን አየች። እኔ ደጅ ያለውን ማንጎ አየሁ።

«ልማዱ ነው» አሉ እትዬ አይናለም። «የሒሳብ ሰው አይደል።»

ኛዱዋል ፎርሟን ገለጠች። ስለ እርሳስ የሚጠይቅ ቦታ አልነበረውም። ቢኖረውስ፣ መምህሯን ፊት ለፊታቸው ኮረጁ ልትል ነው? «አሥራ ሁለት ከአሥራ ሁለት» አለች ዝቅ ባለ ድምፅ። አጨበጨብን።

«ሰኞ ሥራ እገባለሁ» አሉ መምህር።

ኛዱዋል መነፅሩን ሳጥኑ ውስጥ ከተተችው። «እንግዲህ ካለፉ ልምምዱ አበቃ ማለት ነው። ያለን መነፅር ሁለት ብቻ ነው፤ ኢታንግ ከተማ አንዲት እናት ይጠብቁታል።»

የእትዬ አይናለም ፊት ተለወጠ። «አበቃ? ገና መጀመሩ አይደል እንዴ? ያኔ እኮ ልጁን አይቷት ነበር።»

«አለፉ እኮ፣ እትዬ።»

አፋቸውን ከፈቱ። የሚሉት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እሱን ለማለት ደግሞ ባላቸው እፊታቸው ተቀምጠዋል፣ አሥራ ሁለት ከአሥራ ሁለት አግኝተው። መልሰው ገጠሙት። እኔም ገጠምኩ፤ ወረቀቱ የወጣው ከኔ ማሽን ነው። ናዝሬት በግራ በኩል አቀርቅራ ነበር። ኛዱዋል ቦርሳዋን አንስታ በሩ ላይ ደርሳለች።

«ወዴት ነው?» አሉ መምህር። «ሰባት ሰዓት ሊሆን ነው። ከዚህ ቤት ምሳ ሳይበላ አይወጣም።»

ተመለሰች። ለኛ ሽሮና ጎመን በትልቁ ትሪ፣ ለመምህር በትንሹ ቀረበ። መምህር የቀኙን በሉ፤ ጨረሱ፤ እጃቸው ትሪው መሃል ላይ ቆመ። ግራው ሳይነካ አለ። ኛዱዋል አየችው።

እትዬ አይናለም ጭልፋውን አነሱ። ኛዱዋል እያየች ነው። እጃቸው አየር ላይ ትንሽ ቆየና ጭልፋውን መልሰው ድስቱ ላይ አስቀመጡት፤ ሳያንኳኩ።

መምህር «ወጥ አሳነሳችሁ» አላሉም። ቀኝ እጃቸውን ወደ ትሪው ጠርዝ ሰደዱ፤ በጣታቸው ዳበሱት፤ ያዙት። ቀስ ብለው ግማሽ ዙር አዞሩት። ያልተነካው ሽሮ ከተደበቀበት ወጣ። ለረጅም ጊዜ አዩት።

«አይንዬ» አሉ፣ «ዛሬ ረሳሽው።»

ማንም አልጎረሰም። ከሁለቱም ዓይናቸው እንባ ወረደ። በቀኝ እጃቸው ቀኝ ጉንጫቸውን ጠረጉ። የግራው እስከ አገጫቸው ሄደ።